ስለ ልብስና ስለ ለባሹ



በገርጂ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት በዚህ ገጽ መልስ እንሰጣቸው ዘንድ የሚከተለውን ጠይቀውናል። «ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ጾሟን ትጾማለች፥ ጸሎቷንም አታስታጉልም። ነገር ግን እሑድ ለቅዳሴ ስትነሣ በጂንስ ሱሪዋ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች። ‹ልብስሽን ለውጪ› ብላት ‹እማዬ፥ እግዚአብሔር የሚያየው ልብ ነው ወይስ ልብስ?› ትለኛለች። አባቷም ሰምተው ዝም ይላሉ። ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ከቤት ትቅር ልበላት? ወይስ እንዳሻት ትሁን ብዬ ልተዋት?»

ይህ ጥያቄ ከቦሌ ሚካኤል እስከ ሰሚት፥ ከኮተቤ እስከ አያት ባሉት ቤቶች በየእሑዱ ማለዳ የሚነሣ ስለ ሆነ ለአንዲት እናት ብቻ በደብዳቤ መልስ ሰጥተን ልናልፈው አልወደድንም። መልሱን ግን ጥቂት እናቆየውና አስቀድመን ልብስ ምን እንደሚናገር፥ የሚናገረውንም ማን እንደሚሰማው እንመልከት። ልጅቱ ልብስ ምንም አይናገርም ብላ ታምናለች። እናቲቱ ደግሞ ልብስ ሁሉን ይናገራል ብለው ይፈራሉ። እናትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ በአንድ ነጠላ ምክንያት የማይግባቡ ሆነዋል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ነጠላን ዝም ብለው አይለብሱትም ነበር። ያው አንዱ ነጠላ፥ ሳይለወጥና ምንም ሳይጨመርበት፥ እንደ አለባበሱ ልዩ ልዩ ነገር ይናገራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል፤ ይኸውም ጫፎቹ በደረት ላይ ተመሳቅለው በግራና በቀኝ ትከሻ ይወድቃሉ፥ ለባሹም ወደ ማን ደጅ እንደሚሄድ ከሩቅ ይታወቃል። ወደ ልቅሶ ሲኬድ ጥለቱ ወደ ላይ ይመለስና በአንገትና በትከሻ ላይ ይውላል፤ በዚህ ጊዜ በመንገድ የሚያገኘው ሰው ምንም ሳይጠይቅ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ብሎት ያልፋል። በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ በግልጥ ይታያል። በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም፥ ወይም በሰርግና በዝክር እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ያደገድጋል፤ ይህም «ለመታዘዝ ተዘጋጅቼአለሁ» ማለቱ ነው። የሟቹ የቅርብ ዘመድ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ከል ይለብሳል፥ ከሉም እስኪወልቅ ድረስ ጎረቤቱ በፊቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ መሣቅን ያፍራል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሳይጻፍ የሚነበብ፥ ሳይነገርም የሚሰማ ነገር ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአያት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል በተተከለ የልቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት የአያቱን ሞት ሰምቶ ከሥራው ቦታ እየሮጠ መጣ። በመንገድ ላይ ነጠላ ገዝቶ ኖሮ ጥለቱን ወደ ታች ዘርግቶ፥ ለሰርግ እንደሚሄድ ሰው ሆኖ ገባ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፥ አንዱም ፊታቸውን አዞሩ። ልጁ ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጡት ሁሉ ይልቅ ልቡ የተሰበረ ነበር። በዚህ ጊዜ አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነጠላውን ከትከሻው አነሡና ገልብጠው መልሰው አለበሱት፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ልጁም ምን እንዳደረጉለት የገባው አይመስልም ነበር፥ እጃቸውን ይዞ ማልቀሱን ቀጠለ። የዚህን ልጅ አለማወቅ በልጁ ላይ መቍጠር አይገባም። ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ ድረስ በቤቱ ውስጥ ይህን የሚያስተምረው ሰው አልነበረምና።

ነጠላው ራሱ አልጠፋም። በእሑድ ማለዳ በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ዙሪያ የቆመ ሰው መንገዱን ሁሉ ነጭ ሆኖ ያየዋል፤ ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ ከአካባቢው ትልልቅ የንግድ ቤቶች መስተዋት ፊት ሲያልፍ፥ በመስተዋቱ ውስጥ የቆሙት አሻንጉሊቶች በአጭር ቀሚስና በጂንስ ሆነው ይመለከቱታል። ከ30 ዓመት በፊት በከተማችን ወጣቶች ዘንድ ነጠላ ማጣፋት እንደ ኋላ ቀርነት ይቈጠር እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ሊለው ይገባል። የጎደለው ጨርቁ ሳይሆን ንባቡ ነው። ፊደሉ በየትከሻው ላይ አለ፥ የሚያነበው ሰው ግን ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄደ።

ስለ ሰው ጠባይና ስለ ልብሱ የተነገረውን ስንመረምር በመጽሐፈ ሲራክ ውስጥ የሰው አለባበሱ፥ ሣቁና አካሄዱ ማንነቱን እንደሚገልጡ የሚያስገነዝብ ትምህርት እናገኛለን። ይህ እውነት እንደ ሆነ በትምህርት ቤት የሚውል ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ይለብሳሉ። ዩኒፎርሙ የሀብታሙንና የድሀውን ልጅ ልዩነት ለመሸፈን የታሰበ ነው፥ መልካም ሐሳብም ነው። ነገር ግን መስከረም አልፎ ጥቅምት ሳይገባ እያንዳንዱ ልጅ በዚያው ሹራብ ራሱን ይገልጣል። አንዱ እጅጌውን እስከ ክርኑ ይሰበስባል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ለጠብም ለሥራም የሚፈጥን ልጅ ነው። አንዱ በሙቀት ቀን እንኳ ቍልፉን እስከ አንገቱ ይቈልፋል። አንዲቱ የተቀደደውን ክርን በሌላ ቀለም ክር ሰፍታ ትመጣለች፥ ከስፌቱም እናት ሰፋችው ወይስ ልጅቱ ራስዋ ሰፋችው የሚለው ይታወቃል። የዚህችን ልጅ ክርን ያየ መምህር ስለ ቤትዋ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ሰኞ ጠዋት ሳታጠና ብትመጣ ከመቈጣቱ በፊት ጥቂት ያስባል።

ከታላላቆቹም ዘንድ ምሳሌ አይታጣም። ዐፄ ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑም በኋላ እንደ ተራ ወታደር ቀለል ያለ ልብስ መልበስ ይወዱ እንደ ነበር ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። መኳንንቱ በጃኖና በለምድ አጊጠው በቆሙበት ጉባኤ መካከል ንጉሡን በልብሱ መለየት የማይቻል ሲሆን፥ ይህ ራሱ ንግግር ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ባለ ሥልጣኑም ካድሬውም አንድ ዓይነት ካኪ ሲለብሱ የጠባይን ልዩነት ለማጥፋት የታሰበ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ ካኪውን በልክ አሰፍቶና በካውያ አስተኵሶ የሚለብሰው ሰው ከሌላው ተለይቶ መታየቱ አልቀረም።

ነገር ግን ልብስን ማንበብ በልብስ ከመፍረድ የተለየ ነገር ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በክብር ስፍራ አስቀምጠው ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድሀ «ወዲያ ቁም» የሚሉትን ሰዎች ይገሥጻል። በከተማችን ምሥራቅ ይህ ተግሣጽ የሚያስፈልግበት ቀን ብዙ ነው። የጥምቀት ዕለት «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ ቤቱ ሁሉ አዲስ ሲለብስ፥ አዲስ ልብስ ለመግዛት ያልቻለች የቤት ሠራተኛ ከኋላ ቀርታ ቤት ጠብቂ ስትባል አይተናል። እመቤቲቱ በልግስና የሚታወቁ ሰው ሲሆኑ፥ የቤታቸውን ሰው በአሮጌ ቀሚስ ይዘው ወደ ታቦቱ መውጣት አሳፈራቸው። የልጅቱ ቀሚስ ምንም ነውር አልነበረበትም፤ ታጥቦ ነጽቶ ነበር።

ልብስ ስለ ቤተ ሰብ የሚናገረው ደግሞ ከሁሉ የሰፋ ነው። ከ60 ወይም ከ70 ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ቤቶች እንኳ እንዝርት ከማጀት አይታጣም ነበር። እናቶች ጥጡን ዳምጠው ከፍሬው ይለያሉ፥ ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ተቀምጠው ይፈትሉታል። ልቃቂቱ በቅርጫት ሲሞላ ሸማኔ ይጠራል፥ ወይም ክሩ ወደ ሸማኔው ይላካል። ድሩ ከሱቅ ተገዝቶ እንኳ ቢሆን ማጉ ከእናት እጅ የወጣ ነበር። ስለዚህ ልጁ ለብሶት የሚሄደው ጋቢ በእናቱ ጣቶች መካከል ያላለፈ ክር አልነበረበትም ማለት ይቻላል። ሴቶችም ሲገናኙ የነጠላውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይህ የማን ፈትል ነው?» ይሉ ነበር፤ ፈትሉ ቀጭንና እኩል የሆነች ሴት ትመሰገናለች፥ ጓጕል የበዛበትም የማን ቤት እንደ ሆነ ይታወቃል። ጠቢቡ ሰሎሞንም በምሳሌው መጨረሻ ስለ ልባም ሴት ሲናገር እጅዋን ወደ እንዝርት እንደምትሰድድና ቤተ ሰቦችዋ ሁሉ ከብርድ የሚጋርድ ልብስ እንደ ለበሱ ያመለክታል።

ዛሬ በቦሌ ቤት ውስጥ እንዝርት ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። እናቶችም በባንክ፥ በሆስፒታልና በንግድ ቤት ሲሠሩ ውለው ማታ ደክመው ይመለሳሉ፤ እነርሱን «ለምን አትፈትሉም» ማለት ነገርን ማወቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ልብስ ከቤት መውጣቱ ቀርቶ ከገበያ መግባት ሲጀምር፥ ከልብሱ ጋር የሚነገረው ነገርም ከቤት ወጥቶ ቀርቷል። ቀድሞ ልጅቱ ከእናትዋ አጠገብ ተቀምጣ ባዘቶውን ስታቀብል ስለ አያትዋ ጋቢ፥ ስለ አክስትዋ ሰርግ፥ ስለ ጥለቱ ስም ትሰማ ነበር። ዛሬ ነጠላዋን በፌስታል ተጠቅልሎ ትቀበላለች፤ ከእርሱ ጋር የሚሰጣት ቃል የለም። የገርጂዋ እናትና የልጃቸው አለመግባባት ሥሩ ከዚህ ይመስለናል።

ቤተ ሰብ ሳይወድ በግድ ልብስን የሚያስብበት አንድ ጊዜ ቀርቷል፥ እርሱም ሰርግ ነው። ሽማግሌዎቹ ጥሎሹን ሲቈጥሩ ቀሚሱና ነጠላው አንድ ባንድ ይገለጣል። በሰርጉ ቀን ሙሽራይቱ ነጭ ቬሎ፥ ሙሽራው ሙሉ ልብስ ከክራቫት ጋር ይለብሳሉ፤ በመልሱ ቀን ደግሞ ሁለቱም ያገር ልብስ ለብሰው ካባ ደርበው ይቀርባሉ። በተክሊል የሚጋቡት ካባውንና አክሊሉን ከቤተ ክርስቲያን ይጀምሩታል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሁለት ልብ መሆን ነው ብለው ይነቅፉታል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሁለቱን ልብስ የሚለብሰው ሕዝብ ሁለቱንም ቤት ማስደሰት የሚፈልግ ሕዝብ ነው፤ አያትየዋ በመልሱ ቀን ሲያለቅሱ ያየ ሰው የትኛው ልብስ የማን እንደ ሆነ ያውቃል።

ሌላም ቦታ አለ። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓመታት ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ወዲህ ይህ ሰፈር የአገሪቱ በር ሆኖአል። በመነሻው አዳራሽ ሻንጣ ሲመዘን ቆሞ የሚመለከት ሰው በርበሬና ሽሮ ከተጠቀለለበት ቀጥሎ የሚያየው ጋቢና ነጠላ ነው። በዋሽንግተን፥ በለንደንና በስቶክሆልም ያሉት ልጆቻችን በበረዶ መካከል ከካፖርታቸው በላይ ነጠላ አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በዚያ ያለ ልጅ ነጠላውን ሲለብስ «እኔ የእነ እገሌ ልጅ ነኝ» ማለቱ ነው፤ የሚያነብለት ጎረቤት ባይኖርም ራሱ ለራሱ ያነበዋል። ሻንጣው ሁለት ኪሎ ሲተርፍ እናቲቱ ሽሮውን ቀንሰው ጋቢውን ሲያስቀሩ ማየት ብዙ ያስተምራል።

እንግዲህ ወደ ተቈረጠው ነገር እንምጣ። በአገራችን ስለ ልብስ የተነሣው ክርክር ሁልጊዜ የሚወድቀው በሴት ልጆች ላይ ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ በስድስት ኪሎ፥ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙ ተማሪዎች ይህ የባዕድን ባህል ማስፋፋት ነው፥ አጭር ቀሚስም አገርን ማዋረድ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ወደ አዳራሹ የሚገቡትን ሰደቡ፥ አንገላቱ። ፖሊስ ገባ፥ ተማሪዎች ታሰሩ፥ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። የተማሪዎቹን የፖለቲካ ሐሳብ መመርመር የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከተቃዋሚዎቹ ወንዶች የሚበዙት እነርሱ ራሳቸው የአውሮፓ ሱሪና ኮት የለበሱ መሆናቸውን ማንም አላነሣባቸውም። ኩታና ተፈሪ ሱሪ ለብሳችሁ ኑ ያላቸው አልነበረም። የአገርን ባህል የመሸከሙ ዕዳ በእኅቶቻቸው ጕልበት ላይ ተጥሎ ነበር።

የባዕድ ጨርቅም በዚያን ዓመት የመጣ እንግዳ አልነበረም። አቡጀዴ የሚባለው የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በአገራችን ገበያ ይሸጥ ነበር። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መጥቶ የንግድ ውል ሲዋዋል አገሩ ለኢትዮጵያ ከምትሸጠው ዕቃ ዋነኛው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። አባቶች የባዕዱን አቡጀዴ ወስደው እጀ ጠባብና ሱሪ አሰፉበት፥ በላዩም የራሳቸውን ኩታ ደረቡ፤ ልብሱም የእነርሱ ሆነ።

አሁን ለገርጂዋ እናት መልስ እንስጥ። እመቤቴ፥ ልጅዎን ከቤት አያስቀሩ። ወደ ቅዳሴ በረጅም ቀሚስ መሄድ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው፥ ይህንንም ልጅዎ ልታውቅ ይገባታል፤ «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ማለትዋም እውነት ሲሆን፥ ሥርዓቱ ግን ለእግዚአብሔር ማየት ተብሎ የተሠራ ሳይሆን ለእኛ አብሮ መቆም የተሠራ መሆኑን ይንገሯት። የሚነግሯት ግን እሑድ ጠዋት በበሩ ላይ ቆመው፥ ደወሉ ተደውሎ፥ ድምፅዎን ከፍ አድርገው አይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የራስዎን የቀድሞ ቀሚስ ከሣጥን አውጥተው ያሳዩአት፤ መቼ እንደ ለበሱት፥ ማን እንደ ሸመነው፥ ጥለቱን ለምን እንደ መረጡት ያጫውቷት። ከወደደችው በልክዋ ያሳጥቡት፥ ካልወደደችው የምትወደውን ታሰፋ። ከዚህ የቀረውን የንስሐ አባታችሁ ይምከሩ።

ዝም ስላሉት አባትም አንድ ቃል እንጨምራለን። እኒህ አባት እሑድ ጠዋት የሚለብሱት ምንድር ነው? እንደ ብዙዎቻችን ከሆነ በአውሮፓ ሙሉ ልብስና በክራቫት ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ይወጣሉ። ልጃቸውም በባዕድ ሱሪ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ትከተላለች። አባት ያገር ልብስ መቼ፥ ለምንና እንዴት እንደሚለበስ በራሳቸው ትከሻ ሳያሳዩ፥ ባህሉን ልጅቱ ብቻ ትጠብቀው ማለት ከመጋቢት 1960ዎቹ ወጣቶች አይሻልም። ዝምታቸውም ይህን በልባቸው ስለሚያውቁት ይሆናል።

ከገርጂም ሆነ ከሰሚት ተነሥቶ በአራት ኪሎ በኩል ስድስት ኪሎን አልፎ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣ ሰው ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። በዚህ ሰፈርና በአካባቢው ያሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፥ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ሸማኔው በጕድጓድ አፋፍ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ በእጁ መወርወሪያውን ከዳር ዳር ይወረውራል። ጨርቁ ወርዱ ጠባብ ስለ ሆነ ነጠላው ከሁለት ተጋጥሞ ይሰፋል። ቀለል ያለ ጥለት ያለው ነጠላ የቀናት ሥራ ነው፤ ጥበቡ የበዛ ቀሚስ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

ይህን የሠራን ሰው አገሩ ለብዙ ዘመን ሲሰድበው ኖረ። ልብሱን ለብሶ የልብሱን ሠሪ መናቅ እጅግ የሚያስገርም ጠባይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ መሳደብ ከልክለዋል፤ ሠራተኛን የሚሳደብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል አሉ። የዮሐንስን ወንጌል የሚያነብ ሰው ደግሞ ጌታችን በዕለተ ዓርብ የለበሰው እጀ ጠባብ ስፌት የሌለው፥ ወጥ ሆኖ የተሸመነ እንደ ነበር ያገኛል። ያን ልብስ የሸመነ አንድ ሸማኔ ነበረ ማለት ነው፤ ስሙ አልተጻፈም፥ ወታደሮቹ ግን ሊቀዱት ሳሱለት።

ስድቡ ዛሬ ቀንሷል። በምትኩ የመጣው ችግር ግን ከስድብ የማያንስ ነው። የእኛን ጥለትና ጥበብ አስመስለው በማሽን የሚያትሙ ፋብሪካዎች በቻይና አሉ፤ ጨርቁ በጥቅል ይገባና ከእጅ ሥራው እጅግ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ከቅዳሴ ከሚወጣው ነጭ ለባሽ መካከል ይህን ያጣፋው ጥቂት አይደለም። ሸማኔውም ሳምንት የደከመበትን ይዞ ገበያ ሲወጣ «እዚያ በግማሽ ዋጋ አለ» ይባላል፥ ልጁንም ሙያውን ከማስተማር ይልቅ ሌላ እንጀራ እንዲፈልግ ይመክረዋል። በሕንድ አገር ማኅተማ ጋንዲ ከመቶ ዓመት በፊት መዘውሩን ይዘው ተቀምጠው ሲፈትሉ፥ ሕዝባቸውም በአገሩ እጅ የተፈተለውንና የተሸመነውን ካዲ እንዲለብስ ሲያስተምሩ ብዙዎች ሥቀውባቸው ነበር። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ግን አልሣቁም።

ገንዘብ የሌላት እናት የታተመውን ገዝታ ልጆችዋን ነጭ ብታለብስ የሚነቅፋት ሊኖር አይገባም፤ የያዕቆብን ተግሣጽ ከዚህ በላይ አስታውሰናል። ቃላችን ለሚችሉት ነው። ለአንድ የውጭ አገር ጫማ የሸማኔን የወር ድካም የሚያህል ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው፥ በሽሮ ሜዳ በነጠላ ላይ 100 ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ሲከራከር ማየት ያሳፍራል።

የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ ያልለመደ ሰው ጨርቁን ይገልብጠው። በእጅ የተሸመነ ጥለት ክሩ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሠራ ስለ ሆነ በጀርባውም ክሩ ይታያል፥ በጣትም ሲዳሰስ ከፍ ዝቅ ይላል። የታተመው ግን በፊቱ ብሩህ ሆኖ በጀርባው ይደበዝዛል፥ ጣትም ልስላሴ ብቻ ያገኛል። ከነጠላው መካከል የሁለቱ ጨርቅ መጋጠሚያ ስፌት መኖሩንም መመልከት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ እነርሱ ይህን ከእናንተ ፈጥነው ይለያሉ፤ ሸማኔውም ቢጠየቅ የጥለቱን ስምና ለምን ቀን እንደሚለበስ መናገር ይወዳል፥ በተለይም ጠያቂው ልጅ ከሆነ። የዘንድሮ ክረምት ሳያልፍ ጋቢ ለማሠራት የሚያስቡ ቤቶች ቀደም ብለው ቢያዝዙ ይሻላል፤ በበዓል ዋዜማ የሚታዘዝ ሥራ ይጣደፋልና።

ከል ስንት ጊዜ እንደሚለበስና ለሕፃናት ይገባ ወይም አይገባ እንደ ሆነ ከለምለምና ከኮተቤ የደረሱንን ጥያቄዎች በሚመጣው ወር እናያቸዋለን።